ከግንቡ ጀርባ ማን ይኖራል?

ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛዬ ቤት ሊገዛ ሲዞር አብሬው ዞርኩ። ላስ ቬጋስ፣ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀ ሰፈር። ለናሙና የተሠራው ቤት ውስጥ ያልተባለ ነገር አልነበረም። የኩሽናው ድንጋይ፣ የጋራዡ ስፋት፣ የመኪና ቻርጀሩ። ጓደኛዬን የማረከው ግን ጓሮው ነው። ከግንቡ ማዶ ቤት የለም። ቁጥቋጦ፣ ጠጠር፣ ከዚያ ተራራ። ለዚህ እይታ ብቻ ተብሎ ዋጋው ላይ ጭማሪ አለው። ሎት ፕሪሚየም ይሉታል። ብዙ ሺህ ዶላር ነው።

"ከግንቡ ጀርባ ያለው መሬት የማን ነው?" ብዬ ሻጯን ጠየቅኳት።

ፈገግ ብላ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ካርታ ወሰደችን። ያ ሁሉ ሜዳ ቡናማ ተቀብቷል። መሐሉ ላይ በትንንሽ ፊደል "ፌዝ ሦስት" ይላል። ሦስተኛው የግንባታ ዙር ማለት ነው።

ሁለታችንም ሳቅን። ጓደኛዬ ዕድሜ ልክ የሚቆይ መስሎት ሊገዛው የነበረው እይታ ለሁለት ዓመት የሚከራይ ነገር ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ሌላ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። ፌዝ ሦስት ከመምጣቱ በፊት፣ አሁን፣ እዚያ ማን ነው የሚኖረው?

ላስ ቬጋስ ያለችበትን የሞሃቪን በረሃ ከመኪና መስኮት ያየ ሰው ባዶ ነው ይላል። እኔም ከአዲስ አበባ የመጣሁ ሰሞን ያልኩት ይህንኑ ነው። ዛፍ የለ፣ ሣር የለ፣ ውሃ የለ። ለካ ነገሩ ያለው ከመሬት በታች ነው። የበረሃ ኤሊ ከዕድሜዋ እስከ 95 በመቶ የሚሆነውን ጉድጓድ ውስጥ ነው የምታሳልፈው። ሙቀቱንም ብርዱንም እዚያው ታሳልፋለች። ዝናብ ሲጥል ትወጣና ትጠጣለች። የጠጣችውን ፊኛዋ ውስጥ አጠራቅማ ለወራት ትኖርበታለች። ሰው ድንገት ሲያነሳት ደንግጣ ከሸናች ልትሞት የምትችለው ለዚህ ነው። የፈሰሰው ስንቋ ነው።

ዕድሜዋ ከ50 እስከ 80 ዓመት ይደርሳል። እንቁላል መጣል የምትጀምረው ግን ከ15 እስከ 20 ዓመት ሲሞላት ነው። ይህን ቁጥር ልብ በሉልኝ። ዛሬ አንዲት ትልቅ ኤሊ ብትሞት ምትኳ ለመድረስ አንድ ልጅ ተወልዶ ኮሌጅ እስኪገባ ድረስ ያለውን ጊዜ ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ላስ ቬጋስ ምን ያህል ቤት ትሠራለች? ላስ ቬጋስ ያለችበት ክላርክ ካውንቲ በ1990 የነበረው ሕዝብ 741 ሺህ ገደማ ነው። በ2020 ቆጠራ 2 ሚሊዮን ከ260 ሺህ አልፏል። ከዚያ ውስጥ እኛም አለን። ካውንቲው በ2023 አንዱን አካባቢ "ሊትል ኢትዮጵያ" ብሎ እስከመሰየም ደርሷል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ዳር ቆሜ አይደለም። ታክሲ ስንነዳ፣ ካዚኖ ስንሠራ ቆይተን ቤት ገዢ ሆነናል። ፌዝ አንድ ውስጥም ፌዝ ሁለት ውስጥም እንጀራ ይጋገራል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በኦገስት 1989 የፌዴራሉ መንግሥት የሞሃቪን ኤሊ ለመጥፋት ከተቃረቡ እንስሳት ዝርዝር ውስጥ በአስቸኳይ አስገባት። በኤፕሪል 1990 ደግሞ ስጋት ላይ ያለች ተብላ በቋሚነት ተመዘገበች። ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትን የሚጠብቀው የፌዴራል ሕግ ጥብቅ ነው። የተመዘገበ እንስሳ መግደልም ማወክም ክልክል ነው። ጉድጓዷን በቡልዶዘር መድፈንም ከዚያው ይገባል። እየፈላ የነበረው የላስ ቬጋስ ግንባታ በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ተቸለሰበት። ቤት ሠሪዎቹ ፍርድ ቤት ሄዱ። ክርክሩ በየቢሮው ቀጠለ። በመጨረሻ ሁሉም ወደ አንድ ጠረጴዛ መጣ።

ያ ጠረጴዛ የተዘጋጀው ቀደም ብሎ በ1982 ሕጉ ሲሻሻል ነበር። ማሻሻያው የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፤ ግንባታህ የተጠበቀ እንስሳ ሊጎዳ የሚችል ከሆነ የመኖሪያ ስፍራ ጥበቃ ዕቅድ አቅርብ፣ ዕቅድህ ከታመነበት ፈቃድ ይሰጥሃል። ክላርክ ካውንቲ እያንዳንዱ ቤት ሠሪ ለየብቻው ከሚንከራተት ብሎ ለሁሉም አንድ ዕቅድ አወጣ። በ2001 የተሰጠው ፈቃድ ለ30 ዓመት የሚቆይ ነው። 78 የእንስሳትና የዕፅዋት ዓይነቶችን ያቅፋል። እስከ 145 ሺህ ኤከር (ኤከር የሄክታር ሁለት አምስተኛ ያህል ነው) መሬት እንዲገነባበት ይፈቅዳል። ቤት ሠሪው በኤከር 550 ዶላር ይከፍላል፣ ከዚያ መጥረግ ይችላል።

በዚህ ገንዘብ የተሠራውን መካድ አልፈልግም። አውራ ጎዳና ዳር ኤሊ የማያሳልፍ አጥር ተዘርግቷል። ጥናት ተደርጓል። ከቦልደር ሲቲ ጋር በተደረገ ውል ከ85 ሺህ ኤከር የሚበልጥ በረሃ እንዳይገነባበት ተከልሏል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ከተማ ይህንንም አላደረገም።

ግን ሒሳቡን እንሥራው። አዲሶቹ ሰፈሮች ውስጥ በአንድ ኤከር ስምንት ቤት ይሠራል እንበል። 550 ለስምንት ሲካፈል 69 ዶላር አይሞላም። ከ400 ሺህ ዶላር የሚያልፍ ቤት ላይ ለኤሊዋ የወጣው ይህ ነው። ጓደኛዬ ለኩሽናው መብራት ማሻሻያ የተጠየቀው ከዚህ በብዙ ይበልጣል።

የገንዘቡ ማነስ ግን ዋናው ቅሬታዬ አይደለም። ቅሬታዬ ክፍያው ጥያቄ አለመጠየቁ ነው። ኤከሩ በሁለት ሰፊ መንገዶች መካከል የቀረ ቁራጭ ይሁን፣ ወይስ ከተራራ የሚወርድ፣ ኤሊ የሞላበት ፈፋ፣ ዋጋው ያው ነው። መንገዱ በየት ይለፍ? ቤቶቹ ወዴት ይሰብሰቡ? የቱ ጥግ ይተው? ደረሰኙ ላይ እንዲህ የሚል መስመር የለም። ከከፈልክ ጨርሰሃል። ንድፉ አስቀድሞ አልቋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

"ኤሊዎቹን አንስቶ ሌላ ቦታ ማስፈር አይቻልም ወይ?" የሚል ሰው አይጠፋም። ይቻላል፣ ይደረጋልም። በ2008 ካሊፎርኒያ ውስጥ የፎርት ኧርዊን ጦር ማሠልጠኛ ሲሰፋ ከ500 በላይ ኤሊዎች ተነሥተው ተወሰዱ። ጊዜው የድርቅ ነበር። ካዮቲ የሚሉት የቀበሮ ዘመድ የለመደውን ጥንቸል ስላጣ ፊቱን ወደ ኤሊዎቹ አዞረ። ብዙዎቹ ተበሉና ሥራው ቆመ። በ2021 ደግሞ ከላስ ቬጋስ ብዙ በማይርቀው ፓህራምፕ አካባቢ ለፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሲባል 139 ኤሊዎች ተዛወሩ። ወደ 30 የሚሆኑት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሞተው ተገኙ። የተጠረጠረው ባጀር የሚባል ቆፋሪ አውሬ ነው። አዲስ ቦታ የተወሰደች ኤሊ አርፋ አትቀመጥም። ጉድጓዷን ፍለጋ ትንከራተታለች። የት ጥላ እንዳለ፣ ዝናብ ሲጥል ውሃ የት እንደሚቋጠር አታውቅም። ከቀዬው የተፈናቀለ ሰው ምን እንደሚሆን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

ደግሞ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር አለ። በላስ ቬጋስ ጓሮዎች ውስጥ ኤሊ ሞልቷል! ሰው ለዓመታት እንደ ድመት ሲያረባት ኖሯል። ከከተማው ደቡብ ምዕራብ የነበረው የኤሊ ማቆያ ማዕከል ሰዎች አሳድገው በሚያስረክቡት ኤሊ ተጥለቅልቆ፣ ገንዘብም አጥሮት በ2014 ተዘጋ። እነዚያን በረሃ ለቀቅ ማድረግም አይሆንም፤ የመተንፈሻ በሽታ ይዘው ይሄዳሉ። ጓሮው ሞልቶ በረሃው እየጎደለ ነው። ከ2004 እስከ 2014 በተደረገው ቆጠራ ኤሊዋ ከምትገኝባቸው አምስት ቀጠናዎች በአራቱ ቁጥሯ ወርዷል።

እንግዲህ ወደ ንድፉ።

እኔ አርክቴክት አይደለሁም። ግን ሰፈር እንዴት እንደሚሠራ በየቀኑ እየነዳሁ አያለሁ። መጀመሪያ መሬቱ እንደ ጠረጴዛ ይደለደላል። ፈፋው ይሞላል፣ ወይም በኮንክሪት ቦይ ይተካል። ከዚያ መንገድ፣ ከዚያ ግንብ፣ ከዚያ ቤት። በመጨረሻ የተረፈች ሦስት ማዕዘን መሬት ላይ ሁለት ዘንባባና አንድ አግዳሚ ወንበር ይቀመጥና "ፓርክ" ይባላል። የእኔ ሐሳብ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት ነው። ካርታው ላይ መጀመሪያ የሚሰመረው የማይሠራበት መሬት ይሁን። መንገዱ ቀጥሎ ይምጣ። ቤቱ የመጨረሻው ይሁን።

የማይሠራበትን መሬት ለመምረጥ ደግሞ ፈፋው ራሱ ይመራል። ሞሃቪ ውስጥ ደረቅ ፈፋ ማለት የኤሊ አውራ ጎዳና ነው። ዳርና ዳሩ ላይ እንደ ሲሚንቶ የጠነከረ የኖራ ድንጋይ ንጣፍ አለ። ከሥሩ ያለው ዋሻ ትውልድ የሚቀባበለው ቤቷ ነው። ዝናብ ሲመጣም ጎርፉ የሚሄደው በዚያው ነው። ፈፋውን እንዳለ የተወ ሰፈር ኤሊዋንም ያተርፋል፣ የጎርፍ ማስወገጃ ወጪውንም ይቀንሳል። አንድ ድንጋይ ለሁለት ወፍ ብል ነገሩ ይበላሻል እንጂ እንደዚያ ነው።

ከዚያ ቤቶቹን መሰብሰብ ነው። መቶ ኤከር መሬት ላይ 400 ቤት ሊሠራ ታስቧል እንበል። በየኤከሩ አራት አራት አድርጎ መበተን ይቻላል። ወይም በኤከር ስምንት አድርጎ 50 ኤከር ላይ መጨረስ ይቻላል። የቤቱ ቁጥር አልተነካም፤ 50 ኤከር ግን ተረፈ። ዋናው ነገር የተረፈው መሬት አንድ ወጥ መሆኑና ከውጪው በረሃ ጋር መያያዙ ነው። በግንብና በግንብ መካከል የተወጠረ ቀጭን ክር ለኤሊ ወጥመድ ነው። በአንድ በኩል ውሻ፣ በሌላ በኩል መኪና። ሰው "ግሪን በልት" ብሎ የሚኮራበት አብዛኛው ነገር እንዲህ ዓይነት ክር ነው።

እዚህ ላይ ከአንዳንድ የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች ጋር አልስማማም። ከተማው መሐል፣ ዙሪያውን በመንገድ የተከበበ አምስት ኤከር ቢኖር እዚያ ላይ አትገንቡ ማለት ከንቱ ነው። ገንቡበት። ጥቅጥቅ አድርጋችሁ፣ ባለ ሦስት ባለ አራት ፎቅ ገንቡበት። መሐል ላይ የተሠራ እያንዳንዱ አፓርትመንት ዳር ላይ የሚጠረገውን በረሃ ይቀንሳል። ጥንቃቄው የሚያስፈልገው ከተማው ከበረሃው ጋር በሚነካካበት መስመር ላይ ነው።

በዚያ መስመር ላይ ትንንሽ ነገሮች ትልቅ ይሆናሉ። የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ መንገድ ውስጥ የገባች ትንሽ ኤሊ መውጣት አትችልም። ጠርዙን ተከትላ ስትሄድ መኪና ያገኛታል፣ ወይም ፀሐይ። ጠርዙ ተዳፋት ሆኖ ቢፈስስ ትወጣለች። ዋጋው ስንት ነው? ከሞላ ጎደል ያው ነው። የሚቀየረው የኮንክሪቱ ቅርጽ ነው። መንገዱ ፈፋውን የሚያቋርጥ ከሆነ ከሥሩ ሰፋ ያለ፣ ወለሉ አፈር የሆነ መሿለኪያ ይሠራ። ከመሿለኪያው ግራና ቀኝ ደግሞ ከመሬት በላይ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ያለ፣ ከሥር 30 ሴንቲ ሜትር የተቀበረ የሽቦ አጥር ይኑር። ኤሊዋ አጥሩን ተከትላ መሿለኪያው ላይ ትደርሳለች።

ቁራን አትርሱ። ሞሃቪ ውስጥ የቁራ ቁጥር ባለፉት አሥርት ዓመታት ብዙ እጥፍ አድጓል። ያሳደግነው እኛ ነን። ክዳኑ ያልተገጠመ የቆሻሻ ቢን፣ ጓሮ የተተወ የውሻ ምግብ፣ የሚያንጠባጥብ የአትክልት ውሃ። በረሃ ውስጥ ይህ ሁሉ ለቁራ ድግስ ነው። የኤሊ ጫጩት ቅርፊቷ እስኪጠነክር አምስት ስድስት ዓመት ይፈጅባታል። እስከዚያ ለቁራ እንደ ለውዝ ነች። ስለዚህ ጥሩ ንድፍ የሚባለው ካርታ ላይ አያበቃም። የነዋሪዎቹ ማኅበር ደንብ ውስጥም ይገባል። ኤች ኦ ኤ የምንለው ማኅበር በር ቀለም ስትቀይር ደብዳቤ ይልካል፤ የቢን ክዳን ገጥሙ፣ ውሻ በገመድ ያዙ፣ ወደ በረሃው የሚያበራ መብራት አጥፉ ቢል ምን ይከብደዋል?

ይህ ሁሉ ህልም እንዳይመስላችሁ። እዚሁ ላስ ቬጋስ ምዕራብ ያለው ሰመርሊን ከመገንባቱ በፊት፣ በ1988፣ ባለቤቱ ኩባንያ ከሬድ ሮክ ካንየን ጋር የሚዋሰነውን ከ5 ሺህ ኤከር በላይ መሬት ለፌዴራሉ መንግሥት ለቆ በምትኩ ለግንባታ የሚመች መሬት ወሰደ። ዛሬ ሬድ ሮክ ለሽርሽር ስንሄድ ቀዩ ገደል ሥር ቤት ያልተደረደረው ለዚህ ነው። ኩባንያውም አልከሰረ፤ ሰመርሊን ከከተማው ውድ ሰፈሮች አንዱ ነው። በሰሜን በኩል ደግሞ በ2014 ቱሌ ስፕሪንግስ 22,650 ኤከር ሆኖ በብሔራዊ መታሰቢያነት ተከለለ። የተከለለው በዋናነት ለጥንት እንስሳት ቅሪተ አካል ተብሎ ነው። ፈፋው ውስጥ ያሉት ብርቅ ዕፅዋትም በዚያው ተረፉ። አዳዲሶቹ ሰፈሮች አጠገቡ ድረስ መጥተው ይቆማሉ። መስመሩ ቀድሞ ከተሰመረ ቤት ሠሪ አያብድም። መስመሩን አውቆ ይሠራል።

ቴክሳስ ውስጥ ያለው የኦስቲን ጉዳይ ሌላ ነገር ያስተምራል። ጉንጯ ወርቃማ የሆነ ትንሽ ወፍ አለች። በዓለም ላይ የምትራባው መካከለኛው ቴክሳስ ብቻ ነው። ጎጆዋን የምትሠራው ከአረጀ የጥድ ዘመድ ላይ በሚላጥ ቅርፊት ነው፤ ቅርፊቱን በሸረሪት ድር ትሰፋዋለች። ወጣት ዛፍ ቅርፊቱ አይላጥም። ቤት ሠሪ አሮጌውን ደን ጠርጎ "በምትኩ አንድ ሺህ ችግኝ ተክያለሁ" ቢል ለእሷ ምንም ማለት አይደለም። ችግኙ ቅርፊት እስኪያወጣ እሷ የለችም። ኦስቲንና አካባቢው በ1996 ከ30 ሺህ ኤከር በላይ ለመከለል ውል የገቡት ይህን አውቀው ነው። አሮጌ ነገር በአዲስ አይተካም። ችግኝ ተከላ ለለመድን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ትንሽ የሚያስደነግጥ ሐሳብ ነው።

ከሳን ፍራንሲስኮ በስተ ደቡብ ያለው የሳን ብሩኖ ተራራ ደግሞ በዚያ በ1982 በተሻሻለው ሕግ የመጀመሪያው ዕቅድ የወጣበት ነው። ሚሽን ብሉ የምትባል ቢራቢሮ አለች። እጮቿ የሚበሉት ሉፒን የሚባሉ ተክሎችን ብቻ ነው። ከተራራው ትንሹ ክፍል ላይ ቤት እንዲሠራ ተፈቀደ፣ ትልቁ ተተወ። እዚያ ቤት ያለው ሰው በየዓመቱ ለተራራው እንክብካቤ ትንሽ ገንዘብ ይከፍላል። ክፍያው ከቤቱ ጋር ነው፤ ቤቱ ሲሸጥ ለገዢው ይተላለፋል። ገንዘቡ ለአረም ማጥፊያ አይበቃም የሚል ቅሬታ ነበረ፣ ትክክልም ነው። ሐሳቡን ግን እወደዋለሁ። አንዴ 69 ዶላር ከፍሎ መገላገል አይደለም። ጎረቤት ሆኖ መኖር ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ። ይህን ጽሑፍ ሳነብለት ጓደኛዬ ያለኝ አንድ ነገር ነው። "ኪራይ ሁለት ሺህ ገብቶ አንተ ስለ ኤሊ ታወራለህ?"

እውነቱን ነው። ክላርክ ካውንቲ ውስጥ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው መሬት የፌዴራል መንግሥት ነው። ከተማው የሚሰፋው ያ መሬት በጨረታ ሲሸጥለት ነው። መሬት ሲጠፋ ዋጋ ይወጣል፤ ዋጋው የሚያርፈው ደግሞ ሁለት ፈረቃ የሚሠራው ሰው ላይ ነው። እኛ ላይ። ይህን ሳይመልስ ስለ ተፈጥሮ የሚሰብክ ሰው እኔንም ያናድደኛል።

ግን ቤት የሚያስወድደው ኤሊዋ ናት? ከላይ ያለውን ሒሳብ አስታውሱ፤ 69 ዶላር። ቤቶችን መሰብሰብ ደግሞ ወጪ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። መንገዱ ያጥራል፣ የውሃና የፍሳሽ ቧንቧው ያጥራል፣ የሚደለደለው መሬት ይቀንሳል። ውድ የሚያደርገው እያንዳንዱ ቤት ሦስት መኪና የሚያስገባ ጋራዥና ማንም የማይቀመጥበት የፊት ጓሮ ይኑረው የሚለው ልማድ ነው። እንዲያውም ተፈጥሮን አስቀድሞ አለማየት ምን ያህል እንደሚያከስር ማየት የሚፈልግ በመንገድ 93 ወደ ሰሜን ምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ይንዳ።

ኮዮቴ ስፕሪንግስ ይባላል። በ43 ሺህ ኤከር ላይ ወደ 160 ሺህ ቤት ሊሠራበት የታቀደ ከተማ ነበር። በ2008 የጎልፍ ሜዳው ተከፈተ። ዝነኛው የጎልፍ ተጫዋች ጃክ ኒክላውስ የነደፈው፣ ያማረ፣ አረንጓዴ። ቤቶቹስ? የሉም። ሣሩ በረሃ መሐል ብቻውን ቀረ። መጀመሪያ የገንዘብ ቀውሱ መጣ፣ ቀጥሎ የውሃው ጉዳይ። ከተማው ሊጠጣው ያሰበው የከርሰ ምድር ውሃ ከሞአፓ ምንጮች ጋር የተያያዘ ነው። እነዚያ ሞቃት ምንጮች ውስጥ ከጣት ብዙ የማትረዝም ሞአፓ ዴስ የምትባል ዓሣ አለች። ከ1967 ጀምሮ ለመጥፋት የተቃረበች ተብላ የተመዘገበች ናት። ውሃው ከተሳበ ምንጩ ይቀንሳል፣ ምንጩ ከቀነሰ ዓሣዋ የለችም። በ2020 ላስ ቬጋስ ያለችበት የኔቫዳ ግዛት የውሃ ኃላፊ ሰባት የውሃ ተፋሰሶችን እንደ አንድ ቆጥሮ በዓመት መሳብ የሚቻለውን ወሰነ። ክርክሩ ቀጠለና በጃንዋሪ 2024 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኃላፊው ይህን የማድረግ ሥልጣን አለው አለ።

ሰው "ትንሽ ዓሣ ከተማ አስቆመች" ብሎ ይቀልዳል። እኔ እንደሚገባኝ ዓሣዋ ምንም አላስቆመችም። ውሃው መጀመሪያውኑ ለዚያ ሁሉ ቤት የሚበቃ አልነበረም። ዓሣዋ ነገረችን እንጂ። ጎልፍ ሜዳ ከመዝራት በፊት እሷን ጠይቆ ቢሆን ስንት ሚሊዮን ይተርፍ ነበር! "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ" የሚለው ተረት ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

ስለ አገር ቤትም አንድ ነገር ልበል፤ ምክንያቱም እዚህ ቤት የገዛው ሰው እዚያም ይገዛል። የሪል ስቴት ሻጮች በዲያስፖራ ዝግጅት ላይ ምን ያህል እንደሚጠመዱ ሁላችን እናውቃለን። ከእንጦጦ ጀርባ ያለውን፣ ዛሬ ሸገር ሲቲ ውስጥ የተጠቃለለውን የሱሉልታ ሜዳ አስቡት። ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የማይገኘው ክንፈ ሰማያዊ ዝይ እንዲህ ባለ ረግረግ ሣር ላይ ነው የሚኖረው። አገራችን የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ካወጣች ቆይታለች፤ ቁጥሩ 299/1995 ነው፣ ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር። አዋጁ ግምገማው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይሁን ይላል። ቤት ከውጪ ሆኖ የሚገዛ ሰው ስለ ካርታና ስለ ሊዝ አጥብቆ ይጠይቃል። ክረምት ላይ ይህ ቦታ ምን ይመስላል፣ ውሃው ወዴት ይሄዳል፣ ግምገማውን አሳዩኝ ብሎ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም። ረግረግ ላይ የተሠራ ቤት ዝይውን ብቻ አይደለም የሚያስቀይመው። ነሐሴ ላይ ምድር ቤቱን ማየት ነው።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ቤቱን ገዛው። ጭማሪውን ግን አልከፈለም፤ ካርታውን ጠቁሞ ተከራክሮ አስቀነሰ። ባለፈው ወር ፎቶ ላከልኝ። ከግንቡ ማዶ፣ ቁጥቋጦው መሐል፣ ሮዝ ጨርቅ የታሰረባቸው ችካሎች ተተክለዋል። ፌዝ ሦስት መጣ ማለት ነው። ችካሎቹ ፈፋውን በቀጥታ አቋርጠው ያልፋሉ።

ከፎቶው ሥር "ፈፋው የት ሊሄድ ነው?" ብሎ ጽፏል።

ካውንቲው ላይ የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበት ስብሰባ አለ። ለአንድ ሰው የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ነው። እሱ እንግሊዝኛ እያለው "እኔ ፊት ለፊት መናገር አልችልም፣ አንተ ና" አለኝ። ሁለታችንም እንናገራለን ተባብለናል። እሱ ስለ ጎርፉ፣ እኔ ስለ መንገዱ ጠርዝና ስለ መሿለኪያው። የማክሰኞ ማታ ፈረቃዬን ቀይሬያለሁ።